ስንከሳ የምንለብሰው ጀለቢያ

ረመዷን ሲጋመስ የቤት ጽዳት እንጀምራለን። ምንጣፉ ይታጠባል፣ መጋረጃው ይወርዳል፤ ቁም ሳጥኑ ግን እንደተቆለፈ ዒድ ይገባል። ውስጡ ዘመድ ከጅዳ የላከው አባያ፣ ለአንድ ሠርግ የተሰፋ ሙሉ ልብስ፣ «ስንከሳ እንለብሰዋለን» ያልነው ጀለቢያ ተሰቅሏል። ጀለቢያው ሦስት ዒድ አልፎታል፤ እኛም አልከሳን።

አንዳንዶቻችን አውጥተን ለልዋጭ እንሰጥና ሳፋ እንወስድበታለን። ሐላል ንግድ ነው፤ ሰደቃ ግን አይባልም።

በሱረቱል በቀራ 267ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) እኛ ራሳችን ዓይናችንን ካልጨፈንን የማንቀበለውን መናኛ ነገር መርጠን እንዳንሰጥ ይከለክለናል። ታዲያ ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝና ዚፑ የተበላሸ ሱሪ በፌስታል ቋጥረን መስጊድ በር ላይ ጥለን ስንሄድ፣ ለመስጊዱ ጠራጊ ሥራ ጨመርንለት እንጂ ማንን አለበስን? ቁልፉ ይተከል፤ ልብሱ ይታጠብ፣ ይተኮስ።

ከዒድ በፊትም ይድረስ። ከሶላቱ በኋላ የተሰጠ ጀለቢያ አጅሩ ባይቀርም ልጁ ጠዋት በአሮጌው ሰግዷል። ከወላጆቹ ርቆ ቂርአት የሚቀራ ደረሳ በየመስጊዱ አለ። አፍ አውጥቶ አይጠይቅም፤ ልኩን ፈልገን ማወቅ ያለብን እኛ ነን። (ልብስ ሰጠን ብለን ደግሞ ዘካተል ፊጥርን እንዳንዘነጋ፤ እሱ ከዒድ ሶላት በፊት ለብቻው የሚወጣ ነው።)

ስንሰጥ ፎቶ አናንሳ። ልጁ ያንን ጀለቢያ ለብሶ ሶፍ ውስጥ አጠገባችን ቢቆም እንኳ አይተን እንዳላየን እንሁን።