ቺንጋው ሲበጠስ ገበያው ይቀራል፦ የአሮጌ ተሽከርካሪዎች የመለዋወጫ ፈተና

ባሕር ዳር፦ በገጠር ከተሞች መናኸሪያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገሉ ላንድክሩዘሮችና አሮጌ የጭነት መኪኖች ዛሬም ሰውና ዕቃ ጭነው ሲወጡ ማየት የተለመደ ነው። ለከተማው ሰው የድሮ ዘመን ቅርስ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ለአርሶ አደሩ ግን እግሮቹ ናቸው። ቲማቲሙ ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያው ወደ ቀበሌ፣ ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሱት በአብዛኛው በእነዚሁ ነው። ስለዚህ የእነዚህ መኪኖች መለዋወጫ ጉዳይ የባለንብረቱ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ሁሉ ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ባለፈው ግንቦት ለዘገባ ሥራ ከወጣበት ቀበሌ የተመለሰው ቲማቲም በጫነ አሮጌ ላንድክሩዘር ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የመሪውን የዘይት ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። መሪው ድንገት ከበደ፤ አሽከርካሪው በሁለት እጁ ታግሎ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆመ። ሰው አልተጎዳም። ረዳቱ ወደ ከተማ ሄዶ “ይኸው ራሱ ነው” ተብሎ የተሰጠውን ቺንጋ ይዞ ተመለሰ፤ ረዘመ። በማግስቱ ሌላ አመጣ፤ እሱ ደግሞ ከፑሊው ቦይ ውስጥ ሰጥሞ ይንሸራተት ጀመር። ትክክለኛው የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። እስከዚያው የታችኞቹ ሣጥኖች ቲማቲም ውሃ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። ለኪሳራው ምክንያት የሆነው የቺንጋው ዋጋ ሳይሆን ልኩ አለመታወቁ ነበር።

ይህ ችግር ወደፊት የሚቀልል አይመስልም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የውሳኔዎቹ ዓላማ ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ላይ ሲታዩ ለገጠሩ መንገድ የሚኖራቸው ትርጉም ግልጽ ነው። አሮጌው መኪና ከነበረው ዕድሜ በላይ ይሠራል፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫውም ይወደዳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በግምት ገዝቶ መሳሳት ከቀድሞው የበለጠ ያስከፍላል።

ስህተቱ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ “የመኪናው ዓይነት ይበቃል” የሚለው አስተሳሰብ ነው። ላንድክሩዘር 60 በመባል የሚታወቀውን መኪና እንውሰድ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ሲመረት አካሉ እምብዛም ባይለዋወጥም ሞተሩ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ኤፍጄ 60 በቤንዚን፣ ቢጄ 60 እና ኤችጄ 60 ደግሞ በተለያዩ የናፍጣ ሞተሮች የሚሠሩ ናቸው። ቺንጋው የሚመረጠው በሞተሩ ነው እንጂ በአካሉ አይደለም። በዚያ ላይ በሀገራችን ብዙ አሮጌ መኪኖች ሞተራቸው ተቀይሯል። ስለዚህ ሊብሬው ላይ ያለውን ብቻ አንብቦ መግዛት ሊያሳስት ይችላል፤ ከሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምንጭ የዘመን አቆጣጠር ነው። የመኪናው የምርት ዓመት የሚጻፈው እንደ አውሮፓውያን ነው። “የ80 ሞዴል ነው” የሚል ገዢ የእኛን 1980 ካሰበ፣ ሻጩ ግን የእነሱን 1980 ከተረዳ፣ በመካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። በስልክ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚያዝዝ ሰው ይህን በቅድሚያ መግባባት አለበት።

ሦስተኛው ምንጭ የልክ መደበላለቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ለአርሶ አደሩ ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም የወፍጮውንም ቺንጋ ያውቀዋልና። በወፍጮና በመውቂያ ማሽን ቺንጋ ላይ “ኤ 40” ወይም “ቢ 60” የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ፊደሉ ወርዱን ይነግራል፦ “ኤ” ከላይ 13 ሚሊ ሜትር፣ “ቢ” 17 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ደግሞ የውስጥ ዙሪያውን በኢንች ያመለክታል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር በመሆኑ “ኤ 40” በውስጥ በኩል 1016 ሚሊ ሜትር ነው፤ በውጭ በኩል ሲለካ ከዚህ በ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል። በመኪና ቺንጋ ላይ ግን “13 በ1000” ዓይነት ጽሑፍ ሲገኝ 13 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ 1000 ሚሊ ሜትር የውጭ ርዝመት ማለት ነው። ሁለቱ ወርዳቸው ስለተመሳሰለ ብቻ “አንድ ናቸው” ማለት የሚመጣው ከዚህ ነው። የወፍጮው ቺንጋ በመኪናው ላይ ቢገባ እንኳ ለሞተር ክፍል ሙቀትና ለትንንሽ ፑሊዎች ተብሎ ስላልተሠራ ቶሎ ይሰነጠቃል። በአዳዲሶቹ መኪኖች የሚገኘው ባለብዙ መስመር ቺንጋ ደግሞ ሌላ ነው፤ “6ፒኬ1755” የሚል ጽሑፍ ስድስት መስመርና 1755 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ይህ በአሮጌው ባለ አንድ ቦይ ፑሊ ላይ አይሠራም።

ትክክለኛውን ለማግኘት

የተበጠሰውን ቺንጋ አለመጣል የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ጀርባው ታጥቦ ቁጥሩ ከተነበበ ሥራው አለቀ ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ከጠፋ ወርዱ በካሊፐር ይለካል። ነገር ግን አሮጌ ቺንጋ ጎኑ ተበልቶ ስለሚጠብ፣ ስለሚለጠጥም፣ ልኩን እንዳለ ማመን አይገባም። ርዝመቱን ለማወቅ ፓምፑን የሚያጠብቀው ብሎን ይላላል፤ ፓምፑ ከሚንቀሳቀስበት ቦታ መካከል አካባቢ ይደረጋል፤ ከዚያ የማይለጠጥ ገመድ በፑሊዎቹ ጠርዝ ዙሪያ ተጠምጥሞ ይለካል። የሚገኘው ቁጥር ለውጭ ርዝመቱ የቀረበ ይሆናል። ፓምፑ ወደ ሞተሩ ሲገፋ ቺንጋው ሳይታገል ሊገባ፣ ወደ ውጭ ሲሳብ ደግሞ ሊጠብቅ ይገባል።

አዲሱ ቺንጋ ሲገባ ጀርባው ከፑሊው ጠርዝ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ መሆን አለበት። ኃይል የሚያስተላልፈው በጎኖቹ ተጨብጦ ነውና ከቦዩ ወለል ላይ ከተቀመጠ መንሸራተቱ አይቀርም። የቦዩ ወለል የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቺንጋ ይነካው እንደነበር ምልክት ነው፤ ቺንጋው ጠብቦ ወይም ፑሊው ራሱ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ረጅሙ ክፍል መካከሉ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መግባቱ ለብዙዎቹ መኪኖች ተቀባይነት ያለው ግምት ነው። ከላላ፣ መሪው እስከ ጫፍ ሲዞር ይጮኻል፤ ከጠበቀ ደግሞ የፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል። አዲስ ቺንጋ ጥቂት ከሠራ በኋላ ስለሚላላ ዳግም ማጥበቅ ያስፈልጋል። ቺንጋው ጥንድ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። ፓምፑ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ያንን ሳይጠግኑ ቺንጋ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዘይት ጎማን ያበላሻል።

በመንገድ ላይ ከተበጠሰ መሪው እንደሚከብድ እንጂ ጨርሶ እንደማይለይ ማወቅ ድንጋጤን ይቀንሳል። ቺንጋው የሚያዞረው የመሪውን ፓምፕ ብቻ ከሆነ ቁርጥራጩን አውጥቶ በዝግታ ወደ ቅርብ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር ከሆነ ግን ሞተሩ ስለሚፈላ መንዳት አይገባም። ከካላማዳሪያ ቆርጦ ማሰር የተለመደ ቢሆንም፣ ተበጥሶ ማራገቢያው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

የማን ኃላፊነት ነው?

ሁሉንም በአሽከርካሪው ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። መብቱ በተግባር የሚታየው ሻጩ ቁጥሩን በደረሰኝ ላይ ሲጽፍና ሳይለካ “ይኸው ራሱ ነው” ከማለት ሲቆጠብ ነው። ቺንጋን ከሱቅ ደጃፍ በፀሐይ ላይ መስቀልም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው፤ ፀሐይ ጎማውን ሳይሸጥ ያስረጀዋል። ገዢም ወደ ኋላ አጥፎ ስንጥቅ መኖሩን ቢመለከት አይጎዳም።

የእርሻና የቴክኒክ ኮሌጆች ቺንጋን ስለ ማንበብ ያስተምራሉ፤ ትምህርቱ ግን በክፍል ውስጥ ይቀራል። በየገበያ ቀኑ ለአሽከርካሪዎች፣ ለረዳቶችና ለወፍጮ ባለቤቶች የግማሽ ቀን ሥልጠና ለመስጠት የሚያስፈልገው መለኪያ፣ ገመድና ጥቂት አሮጌ ቺንጋ ብቻ ነው። ጋራዦችም የቀየሩትን ቺንጋ ቁጥር ከነቀኑ በኮፈኑ ውስጥ በቀለም ቢጽፉ ቀጣዩ ፍለጋ በአንድ የስልክ ጥሪ ያልቃል።

የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ገጠሩ መንገድ በብዛት እስኪደርስ ድረስ ምርቱን የሚያጓጉዙት እነዚሁ አሮጌ መኪኖች ናቸው። ያ ላንድክሩዘር ዛሬ ከመቀመጫው በታች አንድ ተጠባባቂ ቺንጋ ይዞ ይጓዛል፤ ቁጥሩም በአሽከርካሪው ማስታወሻ ደብተር ላይ ሰፍሯል።