የአገልግሎት ሥራ ማደግና የደጎሎ ባላገር ድርሻ

የአገር ሀብት ከእርሻና ከፋብሪካ ብቻ የሚገኝ ለሚመስላቸው ሰዎች የዛሬው የኢትዮጵያ ሁናቴ ሌላ ነገር ያስተምራል። ንግድ፣ ባንክ፣ መጓጓዣ፣ ስልክ፣ ትምህርትና ሕክምና በአንድነት አገልግሎት ተብለው ሲቈጠሩ ከአገሪቱ ጠቅላላ የምርት ዋጋ 40 ከመቶ ያህሉን ይይዛሉ። እርሻ ግን ከሠራተኛው ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠውን እያኖረ ከዋጋው የሚደርሰው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ያለበት ስፍራና ሕዝቡ ያለበት ስፍራ ተለያይተዋል ማለት ነው።

የአገልግሎት ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ተቋቋመ፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ሥራውን ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች የመንግሥት ሆኑ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ግን ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ተፈቀደ። በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ። በሩ በየጊዜው ሰፍቷል፤ ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ ግን እንደ በሩ አልሰፋም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑት በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ርእሰ ከተማ ደጎሎና ከእርሷ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያለው የመካነ ሰላም ደጋ ናቸው። አገሩ ስንዴና ጤፍ የሚያበቅል፣ ነገር ግን በጥልቅ ሸለቆ የተቈራረጠ ነው። በከተማው ባንክም ስልክም አለ። ከሸለቆው ማዶ ያለው ባላገር ግን ጥቂት ብር ለማስቀመጥ የአንድ ቀን ሥራውን መተው አለበት፤ ዋልካው በሚጨቀይበት በክረምት ድካሙ ይብስበታል። ስለዚህ ለድኻው የአገልግሎት ዋጋ በደረሰኝ ላይ ከተጻፈው እጅግ ይበልጣል።

ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሲጀምር ይህ ርቀት እንደሚያጥር ተስፋ ተደርጎ ነበር። በእርግጥም በ3 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ47 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ፤ ይህም የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን መመዝገብና መጠቀም አንድ አይደሉም። የዓለም ባንክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ባደረገው ጥናት በኢትዮጵያ የገንዘብ ሒሳብ የነበራቸው ወንዶች ከመቶ 41፣ ሴቶች ግን 29 ነበሩ። ፊደል ያልለየች ሴት የምስጢር ቍጥርዋን ለሌላ ሰው መንገር ግድ ከሆነባት ገንዘቧ በእርሷ ስም ቢጻፍም በሌላ እጅ ነው። በክልሉም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት በተነሣ ጊዜ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለ ነበር አንድ መንገድ ብቻ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚቸገር ታይቷል።

የነገሩ ክብደት በመኸር ጊዜ ይገለጣል። ብድር የሚያገኝ ሰው እህሉን በጎተራ አቈይቶ ዋጋው ሲያምር ይሸጣል። ብድር የማያገኘው ግን ግብሩንና ዕዳውን ለመክፈል በርካሽ ይሸጥና በክረምት ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ዝናብ አርሰው በዓመቱ መጨረሻ ባለጠጋና ድኻ ሆነው ይለያያሉ፤ የለያቸውም ስንፍና ሳይሆን የአገልግሎት መኖርና አለመኖር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1147 ከብትና እህልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት የብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ሕጉ መልካም ነው፤ ባላገሩ ሰምቶት፣ የባንኩም ሹም ሠርቶበት ካልተገኘ ግን በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ሥራቸውን በተከፈተው ቅርንጫፍ ብዛት ሳይሆን ከሸለቆ ማዶ በደረሰላቸው ሰዎች ቍጥር ሊመዝኑ፣ የባንክ ወኪልም በገበያ ቀን ወደ ሕዝቡ እንዲወጣ ሊያደርጉ ይገባል። በየደብሩ ያሉ የተማሩ ካህናትም ለምእመናን ደብዳቤ ሲያነቡና ሲጽፉ እንደኖሩ ሁሉ ዛሬም ቍጥርን ማንበብና ምስጢርን መጠበቅ ቢያስተምሩ ለድኻው ታላቅ ረድኤት ይሆናል።