ቡድን ማብዛት ብቻውን ዕድገት አይደለም

የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው የበረዶ ላይ ሆኪን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ መሆኑና በጥንግ ፈንታ ጠፍጣፋ ጎማ መመታቱ ነው። የሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ በ1917 ተመሠረተ። በ1967 ስድስት የነበሩትን ቡድኖች 12 አደረገ፤ በ2021 ደግሞ 32 አደረሳቸው።

ቍጥሩ የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን አትላንታ ሁለት ጊዜ ቡድን አግኝታ ሁለቱንም፣ በ1980 እና በ2011፣ ለካናዳ ከተሞች አስረክባለች። ኪውቤክ ሲቲም በ1995 የሄደባትን ቡድን የሚተካ ሌላ አላገኘችም። አንዱ ከተማ ሳይለምደው ይቀበላል፤ ሌላው እየወደደው ያጣል።

ስለዚህ ሊጉን ለማሳደግ የሚያስቡ ሁሉ ሦስት ነገር ቢያስቀድሙ መልካም ነው። አንደኛ፣ ለአዲስ ከተማ ቡድን ከመስጠት በፊት ልጆች የሚማሩበት የበረዶ ሜዳ ይሠራ። ሁለተኛ፣ ሀብታሞቹ ቡድኖች ለደካሞቹ ገቢ ማካፈላቸው ይጠንክር። በ2005 የደመወዝ ጣሪያ የተወሰነው የአንድ ዓመት ውድድር በሙሉ ከቀረ በኋላ መሆኑ አይዘነጋም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና። ሦስተኛ፣ በስዊድን የክለቡ የድምፅ ብልጫ በአባሎቹ እጅ እንደሆነ ሁሉ፣ ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት የከተማው ሕዝብ ቃል ይሰማ።

አዲስ ቅርንጫፍ ለመክፈት የሚቸኵል ወጣት የሥራ ኀላፊም ይህን ቢመለከት ይጠቀማል። መክፈት የአንድ ቀን በዓል ነው፤ ማቆየት ግን የዘመን ሥራ ነው።