ማዘጋጃ ቤት ወይስ «ማዘግያ» ቤት?

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል ያገራችን ሰው። በእኛ ከተማ ግን በክረምት ውሃው አይጎድልም፣ በበጋም ዳኛው አይገኝም። ስለዚህ ሰዉ አይሻገርም፣ አይናገርምም። ቆሞ ያያል።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም። ስሟን የጠራሁ እንደሆነ የሌሎቹ ከተሞች ሹሞች «ተመስገን፣ እኛን አይደለም!» ብለው እግራቸውን ዘርግተው ይተኛሉ። ካልጠራሁ ግን እያንዳንዱ ከንቲባ፣ እያንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ፣ እያንዳንዱ አፈ ጉባኤ «ይሄ ሰውዬ ስለ እኔ ነው እንዴ የሚጽፈው?» ብሎ ይጠረጥራል። ይጠርጥር! ከገንፎም ውስጥ ስንጥር አይጠፋምና።

ነገሩ የአንዲት ቱቦ ነገር ነው። አዎን፣ የቱቦ! «አገር በጦርነትና በኑሮ ውድነት ስንቱን መከራ እያየች አንተ ስለ ቱቦ ትጽፋለህ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እጽፋለሁ እንጂ! አንዲት ቱቦ መቅበር ሦስት ክረምት ያቃተው አስተዳደር ስለ ትልቁ ጉዳይ የሚነግረኝን እንዴት ብዬ ልመን? ደግሞስ ለትንሽ ከተማ ሰው መንግሥት ማለት አራት ኪሎ ያለው ነው እንዴ? ለእኛ መንግሥት ማለት መታወቂያ የሚያድሰው፣ የጉልት ቦታ የሚመድበው፣ ቦኖ የሚከፍተው፣ የቤት ግብር የሚቀበለው፣ ካርታ የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው፣ ያ በገበያው ዳር ያለው ቆርቆሮ ክዳን ቤት ነው። እሱ ከበደለን ማን ይክሰናል?

ከገበያው ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ የሚያቋርጥ የጎርፍ መውረጃ አለ። ከሥሩ ተቀብራ የነበረችው የሲሚንቶ ቱቦ ተሰበረች። የሰፈሩ ሰው በዕድሩ በኩል ተሰብስቦ ማመልከቻ ጻፈ። ልብ በሉ፣ «ሥሩልን» ብሎ አልለመነም። ድንጋዩንና አሸዋውን እኛ እናቀርባለን፣ ጉልበቱም የኛው ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ቱቦዋንና ፈቃዱን ብቻ ይስጠን ነው ያለው። ከዚህ የበለጠ ጨዋ ሕዝብ ከየት ይመጣል?

ማመልከቻዋ ጉዞ ጀመረች። መዝገብ ቤት ገብታ ቁጥር ተሰጣት። ሥራ አስኪያጁ «ለሚመለከተው» ብለው መሩባት። የሚመለከታቸው መሐንዲስ «በዕቅድ አልተያዘም» አሉ። ዕቅዱን የሚይዘው ማነው? ካቢኔው። ካቢኔውስ ምን አለ? «በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው» አለ። ወደ ምክር ቤቱ ተኬደ። አፈ ጉባኤው «በአጀንዳ ያልቀረበልንን እንዴት አድርገን እናያለን?» አሉ። አጀንዳውን የሚያቀርበው ማነው ብትሉ... ካቢኔው! ዙሪያው ገጠመ ማለት ነው። አህያ ወፍጮ ስትዞር እንኳ መጨረሻ ላይ ዱቄት ይገኛል። እኛ ከዙሩ ያገኘነው የዕድሩን ዳኛ ጫማ ማለቅ ነው።

እኚህ ሽማግሌ በተመላለሱ ቁጥር የተሰጣቸውን መልስ በቃላቸው ይዘውታል። «ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ሥልጠና ሄደዋል።» «ፋይሉ ጠፍቷል።» «ፋይሉ ተገኝቷል፣ ማኅተሙን የያዘችው ልጅ ግን ወጣ ብላለች።» አሁን ደግሞ በዘመኑ ፈሊጥ፣ «ሲስተም የለም!» ድሮ ከቢሮ የሚጠፋው ሰው ነበር። ዛሬ ሲስተምም አብሮ መጥፋት ጀምሯል።

በሁለተኛው ክረምት ጎርፉ መውረጃ ሲያጣ ጠላ ሸጠው ልጆች ከሚያሳድጉ አንዲት እናት ቤት ገባ። ብቅሉንም፣ ጌሾውንም፣ ለዓመት የተገዛውንም ገብስ ይዞት ሄደ። በሦስተኛው ክረምት አንዲት አሮጊት ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ቀሩ። እኚህ እናት የቤት ግብራቸውን አንድም ዓመት አስታጉለው አያውቁም። ደረሰኞቹን በፌስታል ጠቅልለው ከራስጌያቸው አስቀምጠዋቸዋል። «ለምን ይይዟቸዋል?» ብላቸው «ምናልባት ቢጠይቁኝ ብዬ ነዋ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው እንዳይጠየቁ ይፈራሉ። መጠየቅ ያለበት ማን እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም!

«በጀት ስለሌለ ነው» ይሉናል። እሺ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያው ዓመት አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከተማችንን ሊጎበኙ መጡ። ባለሥልጣኑ ሊያልፉ ነው በተባለበት ሌሊት ገረጋንቲ የጫነ መኪና መጥቶ ያንን ጉድጓድ ሞላው። ሦስት ዓመት ያልተገኘው በጀት በአንድ ሌሊት ከየት ተገኘ? የእንኳን ደህና መጡ ሸራም ተሰቀለ፣ የአጥር ቀለምም ተቀባ። ባለሥልጣኑ መስኮታቸውን ሳይከፍቱ አለፉ። ገረጋንቲውንም በሳምንቱ ዝናብ ጠርጎት ሄደ። ስለዚህ ጎበዝ፣ የጠፋው ገንዘብ አይደለም። የጠፋው ለማን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው!

አንድ ቀን ይሄ «ምክር ቤት» የሚባለው ምን እንደሚመስል በዓይኔ ለማየት ፈልጌ በዘመድ በኩል ገባሁ። (ለሕዝብ ክፍት ነው የተባለ ጉባኤ ለመግባት ዘመድ ማስፈለጉ ራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።) አባላቱ አጀንዳውን ያገኙት ያን ዕለት ጠዋት በር ላይ ነው። ሪፖርቱ ሲነበብ ሁለት ሰዓት ፈጀ። «ተገምግሟል»፣ «ተቀናጅቷል»፣ «ንቅናቄ ተፈጥሯል»፣ «ግንዛቤ ተጨብጧል»። ያልተጨበጠው ቱቦ ብቻ ነው። ከሻይ በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እጃቸውን አውጥተው የወፍጮ ቤቱ መንገድ ጉዳይ ለምን እንዳልተነሣ ጠየቁ። መድረኩ «በሌሎች ጉዳዮች ሥር ይታያል» አለ። «ሌሎች ጉዳዮች» የተባለው ሲደርስ የምሳ ሰዓት አልፏል ተባለ። በጀቱ «በሙሉ ድምፅ» ጸደቀ፣ የአቋም መግለጫ ተነበበ፣ ተጨበጨበ። መምህሩም አጨበጨቡ። በኋላ አግኝቼ «ምነው እርስዎም?» ብላቸው «ያላጨበጨበ እጅ ይቆጠራል፣ ያጨበጨበ አይቆጠርም» አሉኝ። ወቸ ጉድ!

በእውነት እኔ አባላቱን አልጠላቸውም። አብዛኞቹ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ነጋዴ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ሲመሽ እኛው ጉድጓድ ላይ የሚደናቀፍም አለ። ክፋቱ ከሰዎቹ ላይ አይደለም። ጉዳዩ አዳራሽ ከመድረሱ በፊት በፓርቲ ስብሰባ አልቆ ስለሚመጣ አዳራሹ የሚጠበቅበት ማጨብጨብ ብቻ ነው። ምክር ቤቱ ምክር የለውም፣ ቤቱ ብቻ ነው የቀረው።

ይሄ በሽታ የትናንት አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ የከተማ ምክር ቤት እንዲኖር ቢፈቅድም የመመረጡ ዕድል ቤትና ቦታ ላለው ሰው ነበር። ድሃው ግብር ከፋይ እንጂ ተመካሪ አልነበረም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ቀበሌን ወለደ። «በቃ፣ ድሃው ራሱን በራሱ ሊያስተዳድር ነው» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው ጠመንጃ ያዘ፣ የነዋሪው አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ የነዋሪው እስር ቤት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ሕገ መንግሥት መጣ። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፣ ሕዝብ ያላመነበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችልም ይናገራል። አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል ይላል። ሲያነቡት ደስ ይላል! ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆሞ ላነበበው ግን ሳቅ ያመጣል።

ምርጫውስ? በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ በመላ አገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ለምርጫ ቀረበ። ኢሕአዴግ ጠቅልሎ ወሰደው። በ2005 ዓ.ም. 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች «ሜዳው አልተስተካከለም» ብለው ከአካባቢው ምርጫ ወጡ። ኢሕአዴግ እንደገና ጠቅልሎ ወሰደው። የእነዚያ ተመራጮች ዘመን አምስት ዓመት ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ምርጫ ተራዘመ። እንደገናም ተራዘመ። የመረጣቸው ድርጅት ኢሕአዴግ ራሱ በ2012 ዓ.ም. ከስሞ በብልጽግና ተተካ። በ2013 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫ ሲካሄድ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በስተቀር የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ አብሮ አልተካሄደም። እኔ በተገኘሁበት ጉባኤ እጅ ሲያወጡ ያየኋቸው አንጋፋ አባላት እንግዲህ በ2005 የተመረጡት ናቸው። ወተት ቢሆን ረግቶ፣ ተንጦ፣ ቅቤው ተነጥሮ ነበር! ሕዝብ ያልቀጠረው ሕዝብ ሊያሰናብተው አይችልም። ሊያሰናብተው የማይችለውን ሕዝብ ደግሞ ማን ይፈራል?

ይህን ሁሉ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1968 ዓ.ም. የተጀመረውን የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር ስንከፍል ኖረናል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ግብር አንከፍልም የሚል የለም። የከተማ ሥራ ያለ ገንዘብ እንደማይሠራ እናውቃለን። ዳሩ ግን ቱቦ ያላስቀበረኝ አዳራሽ ቤቴን ሲተምንብኝ፣ የተመነበትን ቃለ ጉባኤ አሳየኝ ማለት ነውር ነው እንዴ? አሮጊቷ ደረሰኛቸውን በፌስታል ጠቅልለው ካስቀመጡ ማዘጋጃ ቤቱስ የእሱን ደረሰኝ የት አስቀመጠው?

«ሕዝቡ ራሱ አይጠይቅም» የሚል ሹም ደግሞ አለ። እንዴት ይጠይቅ? የጠየቀው «አሉባልተኛ» ይባላል፣ ሁለቴ የጠየቀው «ጸረ ልማት» ይባላል፣ ሦስቴ የጠየቀው የሱቅ ፈቃዱ ሲታደስ ፋይሉ ይጠፋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጠው እንደሚገባ ደንግጓል። የዕድሩ ዳኛ ይህንኑ ጠቅሰው የበጀቱን ቃለ ጉባኤ ቢጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «አባባ፣ ማን ነው የላከዎት?» የሚል ነበር። የላካቸው ጉድጓዱ ነው!

የምንጠይቀው ጨረቃን አይደለም። አንደኛ፣ የጉባኤው አጀንዳ ከሳምንት በፊት በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ የአዳራሹ በር ያለ ዘመድ ይከፈት፣ ለነዋሪውም የመናገሪያ ሰዓት ይሰጠው፣ ያውም «በሌሎች ጉዳዮች» ሥር ሳይሆን ከሁሉ በፊት። ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤውና በጀቱ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ፣ ማን ምን ላይ እጁን እንዳወጣ በስም ይጻፍ። አራተኛ፣ ለገባ ማመልከቻ ቀን የተቆረጠለት የጽሑፍ መልስ ይሰጥ። «አይሆንም» ማለትም መልስ ነው፣ «ነገ ይመለሱ» ግን መልስ አይደለም። አምስተኛውና ዋናው፣ ነዋሪው የከተማውን ምክር ቤት በጊዜው፣ በነጻነት ይምረጥ። ሌላው አራቱ ብር አይጠይቅም። ወረቀት፣ ሙጫና ትንሽ እፍረት ይበቃዋል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ሹም ካሉ አንድ ነገር ልለምናቸው። ዛሬ ከቢሮ ሲወጡ መኪናቸውን አቁመው በእግራቸው ወደ ወፍጮ ቤቱ ይውረዱ። አሮጊቷ ከወደቁበት ቦታ ላይ ቆመው የዓመቱን ሪፖርት ጮክ ብለው ያንብቡት። ማፈር ካልመጣ፣ ቢያንስ እግራቸው እንዳይንሸራተት ይጠንቀቁ።

ካልሆነ ግን አታታሉን። ታፔላውን አውርዱና ከ«ማዘጋጃ»ው ላይ ፊደል ቀይራችሁ በትክክለኛ ስሙ ጻፉት። የቀለሙን ዋጋ የሰፈሩ ዕድር ይሸፍናል!

ቸር ይግጠመን።