አዲስ ከተማ አዲስነቱ ምኑ ላይ ነው?

መርካቶን በሥራ ቀን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሕንፃዎቿን አይቻለሁ ለማለት አይደፍርም። በሥራ ቀን ዓይን የሚውለው በተሸካሚው ጫና፥ በአይሱዙው የኋላ ጎማና በገዛ ኪስ ላይ ነውና። እሑድ ግን አብዛኛው ሱቅ መዝጊያውን ስለሚያወርድ፥ እግረኛው ቀና ብሎ ለማየት ፋታ ያገኛል። እኛም ባለፈው እሑድ ከአውቶቡስ ተራ ተነሥተን፥ የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው ወደቆሙበት ሠፈር የወረድነው ይህንኑ ፋታ ፈልገን ነው።

ለዚህ ጉዞ ያነሣሣን ስለ አንዲት ሩቅ ከተማ ያነበብነው ነገር ነው። በአሜሪካ፥ በኢንዲያና ግዛት፥ ኮሎምበስ የምትባል 50 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ትንሽ ከተማ አለች። ባሕር የላት፥ ተራራ የላት፤ ነገር ግን ዘመናዊ ሕንፃዎቿን ለማየት ሲል ሰው ከሩቅ ይመጣባታል። ፊንላንዳዊው ኤሊኤል ሳሪነን የነደፈው ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 ነው፤ የአይ. ኤም. ፔይ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በ1969 ተጨመረ። ምሥጢሩ ምንድን ነው ቢሉ፥ ከተማዪቱ የካሚንስ የናፍጣ ሞተር ፋብሪካ መናገሻ ናት። የፋብሪካው መሪ የነበሩት ጄ. ኧርዊን ሚለር በ1950ዎቹ ለከተማው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ትምህርት ቤት በሚሠራበት ጊዜ ከሚቀርበው ዝርዝር ውስጥ አንድ ብርቱ አርክቴክት ይመረጥ፤ የንድፉን ዋጋ የፋብሪካው በጎ አድራጎት ድርጅት ይከፍላል አሉ። ይኸው ልማድ እየሰፋ ሄዶ ለሌሎች የሕዝብ ሕንፃዎች፥ ለእሳት አደጋ ጣቢያ እንኳ ሳይቀር ደረሰ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ ይሏል። ሞተር ሠሪው የድንጋዩንና የብረቱን ዋጋ አልከፈለም፤ የሐሳቡን ዋጋ ከፈለ። በዚህም ከተማዪቱ ስሟ ተጠራ።

ይህን ካነበብን በኋላ «የኛይቱስ?» ብለን ጠየቅን። መርካቶ ያለችበት ክፍለ ከተማ ስሙ ራሱ አዲስ ከተማ ነው፤ ስሙም ታሪክ አለው። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ፋሺስቶች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን የነጩን ሠፈር ከአገሬው ሠፈር ለመለየት ሲሉ፥ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ ቀጥ ያሉ መንገዶችንም አሰመሩበት። ሐሳቡ ክፉ ነበር፤ ቀጥ ያለው መንገድ ግን ጠላት ሲሄድ ቀረልን። ነጋዴው ሕዝባችንም የራሱን ሥርዓት አገባበት፤ ሸማ ተራ፥ በርበሬ ተራ፥ ሳጥን ተራ፥ ቆርቆሮ ተራ፥ ምናለሽ ተራ አለው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ እንግዳ፥ ካርታ ሳይገልጥ የሚሻውን ዕቃ ስም እየጠራ ይደርስበታል። እንግዲህ ዘመናዊነት ማለት ለኛ ይህ ነው፤ ሰው ሳይጠፋና ሳይጨናነቅ ካሰበበት መድረሱ።

ዛሬ ግን ያ ሥርዓት እየጠበበ ነው። በየመንገዱ ዳር መስተዋት የለበሱ ፎቆች ቆመዋል፤ ከውጭ ሲያዩዋቸው ያብረቀርቃሉ። ክፍት ሆኖ ካገኘነው አንዱ ውስጥ ብንገባ፥ ሸክም የያዙ ሁለት ሰዎች የማይተላለፉበት መተላለፊያ፥ ካርቶን የተቆለለበት ደረጃ አየን። ጭነት የሚወርድበት ግቢ የለውም፤ ስለዚህ መኪናው መንገዱን ዘግቶ ያራግፋል።

በዚሁ ሕንፃ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አዛውንት ነጋዴ አገኘንና ስለ ደረጃው ጥበት አነሣንባቸው። ሣቁብን።

«ልጄ፥» አሉን፥ «አንተ የተማርከው በወረቀት ነው፤ እኔ የተማርሁት በካሬ ሜትር ነው። ደረጃው ይስፋ ካልን ሱቅ ይጠፋል። እኛ ስናሰፋ ጎረቤታችን ካላሰፋ፥ ኪራዩን እሱ ይበላል፤ እኛ ሰፊ ደረጃ ስንጠርግ እንኖራለን።»

«ጋሼ፥ እሳት ቢነሣስ?» አልናቸው።

መልስ አልሰጡንም። ወደ ሸማ ተራ በኩል ብቻ አዩ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያ የተነሣው እሳት የስንቱን ነጋዴ ጥሪት አመድ እንዳደረገው ለእሳቸው የሚነግራቸው አያስፈልግም።

አዛውንቱን አንወቅሳቸውም። ለአንድ ሰው ሒሳባቸው ልክ ነው፤ ስሕተቱ የሚታየው ሒሳቡ ለሠፈሩ ሁሉ ሲደመር ነው። ስለዚህ መድኃኒቱም የጋራ መሆን ይገባዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ በመጀመሪያ የደረጃውና የመተላለፊያው ስፋት ለሁሉም እኩል ይወሰን፤ ቁጥጥሩም ፕላኑ በሚፈቀድበት ቀን ሳያበቃ፥ ሕንፃው ሥራ ከጀመረ በኋላ ይቀጥል። ያን ጊዜ ሰፊ ደረጃ የሠራ ሰው ከጎረቤቱ አይጎዳም።

ሁለተኛው ከኮሎምበስ የምንማረው ነው። እቁብ ጥሎ ሱቅ የከፈተ፥ እድር ገብቶ ሙታኑን በክብር የሸኘ ሕዝብ፥ ለአንድ የሕዝብ ሕንፃ የንድፍ ዋጋ ማዋጣት አይሳነውም። የመርካቶ አክሲዮን ማኅበራት ተሰብስበው ከወጣት አርክቴክቶቻችን መካከል በውድድር ይምረጡ። የመጀመሪያው ሥራ ታላቅ አዳራሽ እንዲሆን አንመኝም፤ ለተሸካሚው ማረፊያና መጸዳጃ ቤት ያለው የጭነት ማራገፊያ ግቢ ይሁን። መኪናው እዚያ ካራገፈ፥ ቀጥ ያለው መንገድ ለእግረኛውና፥ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜም ለእሳት አደጋ መኪና ይለቀቃል። ግቢው ባማረ ንድፍ ከተሠራ ደግሞ፥ ሊያየው የሚመጣ እንግዳ አይታጣም።

ነገ ሰኞ ነው። መዝጊያው ሁሉ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ አይሱዙውም መንገዱን ይዘጋል፤ ቀና ብሎ የሚያይ አይገኝም። እሑድ ሳለ እንነጋገርበት።