ድናለች፣ ግን ይደክማታል

ዛሬ የማጫውታችሁ ራሴን ስለወቀስኩበት ጉዳይ ነው።

እዚህ ኮዬ ፈጬ፣ በኮንዶሚኒየም ሰፈራችን የምትኖር አንዲት የ26 ዓመት እህት አለች። በሰባት ዓመቷ የደም ካንሰር ይዟት፣ ረጅም ሕክምና ተከታትላ ዳነች። እኔም እንግዳ አገልጋይ በመጣ ቁጥር «ነይ መስክሪ» እያልኩ መድረክ ላይ አወጣት ነበር። ጉባኤው እልል ይላል። እሷ ከመድረክ ስትወርድ ምን እንደሚሰማት ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ባለፈው ዓመት «እትዬ፣ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ልቤ ይመታል፤ ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ» አለችኝ። እኔም «ልጄ፣ የፈወሰሽ ጌታ አይተውሽም፤ በእምነት በርቺ» ብዬ ሸኘኋት። ከሁለት ወር በኋላ ነርስ የሆነች እህታችን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። በልብ አልትራሳውንድ ሲታይ ልቧ ደም የመርጨት አቅሙ ደክሟል። ሐኪሙ በመጀመሪያ የጠየቃት «በልጅነትሽ የወሰድሽው መድኃኒት ምን ነበር?» ብሎ ነው። ወረቀቱ የለም፤ አባቷ «ያ ክፉ ቀን አይመለስብን» ብለው አቃጥለውታል።

እህቶቼ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ካንሰርን የሚገድሉ መድኃኒቶች ሕይወት ያተርፋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ከዓመታት በኋላ የሚታይ ጉዳት ይተዋሉ። እንደ ዶክሶሩቢሲን ያለው ልብን ሊያደክም፣ ሲስፕላቲን የመስማት ችሎታን ሊቀንስ ይችላል። ጨረር ደግሞ እንደተሰጠበት ቦታ እድገትን፣ የእንቅርት ዕጢን ወይም ትምህርት የመቀበል ችሎታን ሊነካ ይችላል። መውለድ የሚቸገሩም አሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም።

በበለጸጉት አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ100 ከ80 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ በድሆች አገሮች ከ30 በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዕቅድ፣ እስከ 2030 በዓለም ዙሪያ ቢያንስ 60 ከመቶው እንዲተርፉ ይፈለጋል። በአገራችንም አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. በስሙ የካንሰር ማኅበር አቋቁመው ሌሎች ሕሙማንን ይረዳሉ። እንግዲህ የሚድኑት ሲበዙ፣ አድገው ከእኛ ጋር የሚያመልኩት፣ የሚያገቡትም ይበዛሉ ማለት ነው።

«ምርመራ መሄድ ፈውስን መጠራጠር አይሆንም ወይ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ሉቃስ 17ን አንብቡ። ጌታ አሥሩን ለምጻሞች የላካቸው ወደ ካህናት ነው። በሕጉ መሠረት የነጻውን ሰው መርምሮ ወደ ወገኖቹ እንዲመለስ የሚፈቅደው ካህን ነበርና። የፈወሳቸው ጌታ ራሱ «ታዩ» ካለ፣ እኛ «አትታዩ» የምንለው በማን ሥልጣን ነው?

ስለዚህ እናቶች፣ የልጃችሁን የሕክምና ወረቀት አታቃጥሉ። የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ ጨረር የተሰጠበት ቦታ የተጻፈበትን እንደ ልደት ካርድ አስቀምጡት። ልጁ ሲያድግ የታመመውን በሽታ ንገሩት፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄድም እንዲናገር አስተምሩት። በተለይ ሴት ልጅ ስታረግዝ ለሐኪሟ ትንገር። የጋብቻ መካሪዎችም፣ «ይተላለፋል» ብላችሁ እጮኛሞችን አታስፈራሩ። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። አብዛኛው የልጅነት ካንሰርም በዘር አይወረስም፤ እንደ አንዳንድ የዓይን ካንሰር ዓይነቶች የሚወረሱ ስላሉ ግን ሐኪም ይጠየቅ።

እህታችን ዛሬ መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ አርፋ ቤቷ ትገባለች። ይቅርታ ስጠይቃት ያለችኝን ልንገራችሁና ላብቃ። «እትዬ፣ መድረክ ላይ ስወጣ ያቺ የታመመችው ልጅ እሆናለሁ። እኔ ግን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራ ካለ ሥራ ስጡኝ።» አሁን የቤተ ክርስቲያናችንን ሂሳብ የምትይዘው እሷ ናት። ምስክርነቷን ስትፈልግ ራሷ ትነግረናለች።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።