ርቀትን የሚወስነው ካሊበር አይደለም

በኖርዌይ የኤልግ አደን የሚከፈተው በእኛ መስከረም አጋማሽ፣ በእነርሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 25 ቀን ነው። ኤልግ የምንለው የሰሜኑን ታላቅ አጋዘን ነው። እኔ የምኖርበት ሆልምሊያ የኦስሎ ከተማ አብቅታ ጫካው የሚጀምርበት ሰፈር በመሆኑ፣ በዚህ ወቅት ወሬው ከአደን አይርቅም። ባለፈው መጸው የአዳኝነት ፈተናውን ያለፈ አንድ ኢትዮጵያዊ ወዳጄ፣ በሙያው መሐንዲስ፣ ቡና ላይ ሳለን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ። በስድስት መቶ ሜትር ኤልግ ለመጣል የትኛው ካሊበር ይሻላል?»

ጥያቄው የቴክኒክ ይመስላል። በውስጡ ግን አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ይኸውም ተገቢው የተኩስ ርቀት የጥይቱ ባሕርይ ነው፣ ስለዚህም ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለ ሰው ተጨማሪ ርቀት ይገዛል የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ይህን እምነት ነው። ተገቢው ርቀት ተኳሹ በፈተና ያረጋገጠው ርቀት ነው፤ ከዚያ አልፎ የሚተኮስ ጥይት በሌላው ኪሣራ የሚደረግ ቁማር ነው። ጉዳዩ ከኖርዌይ ጫካ አልፎ ባሌ ተራሮች ድረስ ስለሚደርስ፣ ሕግና ፖሊሲ ለሚከታተሉ አንባብያን ሊቀርብ የሚገባው ይመስለኛል።

ሕጉ የሚለው እና የማይለው

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የኖርዌይ የዱር እንስሳት ሕግ በአንቀጽ 19 አደን እንስሳውን ለአላስፈላጊ ሥቃይ በማያጋልጥ መንገድ እንዲፈጸም ያዝዛል። ዝርዝሩ በደንብ ተቀምጧል። ለኤልግ የሚተኮሰው አረር ክብደቱ 10 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በ100 ሜትር ርቀት ቢያንስ 2,200 ጁል፣ በ9 እና በ10 ግራም መካከል ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 2,700 ጁል ጉልበት ሊኖረው ይገባል። አዳኙም በየዓመቱ 30 የልምምድ ጥይት ተኩሶ ሲያበቃ፣ በ100 ሜትር ላይ አምስት ጥይቶችን 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ማሳረፍ አለበት። በዚህ ላይ የቆሰለ እንስሳ ዱካ የሚከተል የተፈተነ ውሻ ማግኘት መቻል ግዴታ ነው።

ይህ ሥርዓት ሊከበር የሚገባው ነው። ነገር ግን ትልቅ ክፍተት አለው። ጉልበቱ የሚለካው በ100 ሜትር፣ ብቃቱ የሚፈተነውም በ100 ሜትር ሆኖ ሳለ፣ ሕጉ በጠመንጃ ለሚተኮስ ጥይት በሜትር የተወሰነ ጣሪያ አላስቀመጠም። በመቶ ሜትር የተፈተነ ሰው በስድስት መቶ ሜትር ሊተኩስ ሲነሣ የሚያግደው የአንቀጽ 19 ጥቅል ቃልና የገዛ ኅሊናው ብቻ ናቸው።

የሒሳቡ ነገር

የዚህን ክፍተት ስፋት ለማየት የከፍተኛ ደረጃ ሒሳብ አያስፈልግም። አምስት ጥይቶቹ ሠላሳውን ሴንቲ ሜትር በጭንቅ የሞሉለትን አዳኝ እናስብ። የእጅና የጠመንጃ ስሕተት ከርቀት ጋር በእኩል መጠን ስለሚያድግ፣ በ200 ሜትር ጥይቶቹ የሚበተኑበት ክብ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር፣ በ400 ሜትር 120 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእንስሳው ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ግን ርቀቱ ስለ ጨመረ አያድግም። ጥይቶቹ በክቡ ውስጥ በእኩል ዕድል ያርፋሉ ብንል፣ ተገቢውን ቦታ የሚመቱት በ200 ሜትር ከአራት አንዱ፣ በ400 ሜትር ከአሥራ ስድስት አንዱ ብቻ ናቸው። ከዚህ በእጥፍ የተሻለ ተኳሽ እንኳ በ400 ሜትር ከአራት ጥይት ሦስቱን ያበላሻል። ይህ ሁሉ በተረጋጋ አየር፣ ርቀቱ በትክክል ታውቆ፣ እንስሳውም ቆሞ ነው።

አሁን ካሊበሩን እናምጣ። ወዳጄ የወደደው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበውን 6.5 ክሪድሞርን ነበር። ጥይቱ መልካም ነው፤ አረሩ ቀጭንና ረዥም በመሆኑ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል። ይሁን እንጂ ወደ 9.3 ግራም የሚመዝነው የተለመደው የአደን አረሩ በ100 ሜትር ያለው ጉልበት ሕጉ ከሚጠይቀው 2,700 ጁል ብዙም አይዘልም። በ450 ሜትር ላይ ወደ 1,600 ጁል ገደማ ይወርዳል። ሕጉ በመቶ ሜትር የከለከለውን ድካም በአራት መቶ ሃምሳ ሜትር ላይ ዝም ብሎ ማሳለፉ፣ መለኪያው ከአጠቃቀሙ እንደ ተለያየ ያሳያል።

«እንግዲያውስ ማግነም ልግዛ» ይላል ገዢው። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚሸጠው .300 ዊንቸስተር ማግነም የጉልበቱን ጥያቄ በእርግጥ ይመልሳል። ሁለቱን ትልልቅ ጠላቶች ግን አያሸንፍም። የመጀመሪያው ንፋስ ነው። በ450 ሜትር ላይ የጎን ንፋስን በሰከንድ ሁለት ሜትር ብቻ አሳስቶ የገመተ ሰው የክሪድሞሩን አረር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይስተዋል፤ የልብና የሳንባው ክብ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ማግነሙ ይህን ስሕተት በጥቂቱ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሁለተኛው ጊዜ ነው። አረሩ ያን ርቀት ለመድረስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት አንድ እርምጃ የተራመደ እንስሳ ልቡ የነበረበትን ቦታ ለሆዱ ይለቃል። ይህን የሚያርም ካሊበር እስካሁን አልተሠራም። ይልቁንም ማግነሙ ትከሻን ስለሚያደማና ጥይቱም ስለሚወደድ፣ ባለቤቱ የሚለማመደው ጥቂት ነው፤ በገዛው ጉልበት ፋንታ ልምዱን ይሸጣል።

ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው?

እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ይመጣል። ረዥም ተኩስ ሲሳካ ክብሩ፣ ፎቶግራፉና ታሪኩ የተኳሹ ናቸው። ሲከሽፍ ደግሞ ወጪው የእንስሳው፣ በሌሊት ዱካ የሚፈልገው ባለ ውሻ፣ የአካባቢው ነዋሪና የመንጋው ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ማለት ይህ ነው። ትርፉን አንዱ፣ ኪሣራውን ሌላው በሚይዝበት ገበያ ውስጥ ድርጊቱ ከሚገባው በላይ እንደሚበዛ የትኛውም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል።

መረጃውም የተዛባ ነው። በሰባት መቶ ሜትር የወደቀው አጋዘን ቪዲዮ ለዓለም ይታያል፤ ሆዱን ተመትቶ ጫካ የገባው አይታይም። የምናየው ስኬት ብቻ ስለሆነ የስኬቱን መጠን አናውቅም። ጠመንጃ፣ ጥይትና የማነጣጠሪያ መነጽር የሚሸጠው ነጋዴ ደግሞ ይህን አለማወቅ የሚያርምበት ምክንያት የለውም።

በቁም ነገር ሊመለሱ የሚገባቸው ሦስት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ «የሌዘር ርቀት መለኪያና የጥይት ሒሳብ የሚሠራ መሣሪያ አለ» የሚለው ነው። መሣሪያው ርቀቱን በትክክል ይነግራል፤ በሸለቆው መካከል ያለውን ንፋስና የእንስሳውን ቀጣይ እርምጃ ግን አይነግርም። ሁለተኛው፣ «በገላጣ ተራራ ላይ መቅረብ እንስሳውን ያስበረግጋል፤ ተረጋግቶ ከሩቅ መተኮስ ተቻኩሎ ከቅርብ ከመተኮስ ይሻላል» ይላል። ይህ እውነትነት አለው፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጣሪያ ይጣል አልልም። ሦስተኛው፣ «ለአዳኙ ኅሊና ተዉት» የሚለው ነው። ኅሊና ክቡር ነገር ነው። ነገር ግን ለኅሊና ትተነው ቢሆን ኖሮ የዓመቱ የተኩስ ፈተናም ባላስፈለገ። በመቶ ሜትር ላይ ኅሊናን በፈተና ያጸናን ሰዎች በአራት መቶ ሜትር ላይ ብቻውን እንዲቆም የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሆልምሊያ ወደ ባሌ

ይህ ክርክር ለእኛ የቅንጦት የሚመስለው አንባቢ የደጋ አጋዘንን ያስብ። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። ሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ ዛሬ ቁጥሩ በጥቂት ሺዎች ብቻ የሚገመት፣ የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት ፍጥረት ነው። በባሌና በአርሲ ከብሔራዊ ፓርኩ ውጭ በሚገኙ፣ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች፣ የውጭ አገር አዳኞች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍለው በኮታ ያድኑታል። የመልክዓ ምድሩ ጠባይም ለረዥም ተኩስ ይጋብዛል። አዳኙ ከአንዱ ሸንተረር ላይ ሆኖ በመነጽር ይቃኛል፤ ወይፈኑ በማዶው ሸንተረር የአስታ ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ብቅ ይላል። ከተመታ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደ አስታው ከገባ ማግኘቱ ከባድ ነው።

ቀድሞ በአገራችን የአዳኝ ክብር የሚለካው በመቅረብ ነበር። ግዳይ የጣለ ሰው የሚፎክረው ከአውሬው ጋር ተያይቶ ስለ ነበር ነው። ያን ዘመን አላቆላምጠውም፤ ብዙ እንስሳ ያስጨረሰ ዘመን ነው። አዲሱ ፉከራ ግን ክብሩን በርቀት ለካ፤ በዚህም አደጋውን ሙሉ በሙሉ ወደ እንስሳው አዛወረ።

ለፖሊሲ አውጪው ዋናው ጉዳይ ኮታው ነው። ኮታ የሚሠራው አንድ ፈቃድ አንድ እንስሳ ይቀንሳል በሚል ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ከተመቱት አራት እንስሳት አንዱ ሳይገኝ ጫካ ውስጥ ቢሞት፣ የ12 እንስሳት ኮታ በእርግጥ 16 ይገድላል። ትርፎቹ አራቱ በየትኛውም መዝገብ አይገቡም፤ መንግሥት አይቀርጥባቸውም፤ የአካባቢው ሕዝብም ድርሻ አያገኝባቸውም። የሚመቱት የበሰሉ ወንዶች በመሆናቸው ጉዳቱ ከቁጥሩ በላይ ነው። ደንበኛውን የሚመራው ባለሙያ አዳኝም ስሙና ጉርሻው በደንበኛው ስኬት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ «ሩቅ ነው፣ አትተኩስ» ለማለት ጥቅሙ አይገፋፋውም። ስለዚህ በባሌ የተኩስ ርቀት የስፖርት ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የኮታው እውነተኛነት የተመሠረተበት ጉዳይ ነው።

መደረግ ያለበት

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንደኛ፣ ፈቃዱ ርቀት ይጻፍበት። በ100 ሜትር የተፈተነ እስከ 100፣ በ300 ሜትር አምስት ጥይት በ30 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ያሳረፈ እስከ 300 ሜትር ይተኩስ። በባሌም የውጭ አገር አዳኝ ወደ ሸንተረሩ ከመውጣቱ በፊት በያዘው ጠመንጃ በተቆጣጣሪ ፊት ይፈተን። ሁለተኛ፣ የጉልበት መመዘኛው በሚተኮስበት ርቀት ይለካ እንጂ በመቶ ሜትር ብቻ አይቁም። ሦስተኛ፣ ደም የፈሰሰበት እንስሳ ተገኘም አልተገኘም ከኮታው ይቀነስ፣ ሙሉ ክፍያውም ይከፈልበት። ይህ ልማድ በደቡባዊ አፍሪካ የአደን ገበያ የታወቀ ነው። ወጪው ወደ ተኳሹ ሲመለስ፣ ተኳሹ ራሱ ወደ እንስሳው ይቀርባል።

እነዚህን ለማስፈጸም አዲስ መሥሪያ ቤት መክፈት አያስፈልግም። ኖርዌይ የፈተና ሥርዓቱ በእጇ ነው፤ ኢትዮጵያም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና የሚያስፈጽመው ባለሥልጣን አሏት። በሁለቱም አገር የሚጎድለው በፈቃዱ ላይ የሚጻፍ አንድ ቁጥር ነው።

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስም ይኸው ነበር። በእጁ ባለው ጠመንጃ ይለማመድ፤ ኖርዌይና ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1894 የተቀበሉት አሮጌው 6.5 በ55 እንኳ ተገቢው አረር ከተመረጠለት በቅርብ ርቀት ለኤልግ ይበቃል። ለማግነሙ ያሰበውን ገንዘብ ለጥይትና ለተኩስ ሜዳ ያውለው። ከዚያም በስድስት መቶ ሜትር አንድ ኤልግ ሲያይ፣ አምስት መቶውን ሜትር በእግሩ ይሂድ።